ማይክራፎኑ ሐጂ እጅ የገባ ዕለት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ዴንቨር ውስጥ ቱሪስት ወደ ተራራ የምታወጣ ትንሽ ቫን እነዳ ነበር። ጠዋት ከመሀል ከተማ ሆቴሎች ሰው እለቅማለሁ፤ ተራራው ሥር ወዳለችው ጎልደን ከተማ እወስዳቸዋለሁ፤ ከዚያ ጥምዝምዙን መንገድ ይዤ ሉክአውት ተራራ ላይ እወጣና በቀይ ድንጋዮቹ በሬድ ሮክስ በኩል አዙሬ እመልሳቸዋለሁ። ሹፌር እንጂ አስጎብኚ አልነበርኩም። የሚያስጎበኘው ካሴት ነበር።

ካሴቱ ላይ ያለው ሰው ድምፀ ጎርናና ነው። ከበስተኋላው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይሰማል፤ ሙዚቃው ዝቅ ሲል "አሁን በስተግራዎ" ይላል። የእኔ ሥራ መኪናዋን ከሰውየው አፍ ጋር እኩል ማስኬድ ነበር። ፈጠን ካልኩ ስለ ወንዙ የሚናገረው ወንዙን ካለፍነው በኋላ ነው። ብስክሌት ነጂ ከፊቴ ገብቶ ካዘገየኝ ደግሞ ነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት ቆመን "ይህ አስደናቂ ሸለቆ" ይላል፤ ቱሪስቶቹም አንገታቸውን አስግገው ማደያውን ያያሉ። ለእሱ ሁሉም ነገር አስደናቂ ነበር። ወንዙ አስደናቂ፣ የቢራ ፋብሪካው አስደናቂ፣ ከመንገድ ዳር ያለው የብረት አጥርም አስደናቂ። እኔ በዚያን ጊዜ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ፤ ለአንድ ነገር የራሱን ቃል ሳላገኝለት መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ "አስደናቂ" እየሰሙ መሪ መያዝ ጥርስ ያፋጫል። ለሹፌር የተፈቀደለት ንግግር "ሲወርዱ ይጠንቀቁ" ብቻ ነው።

የቫኖቹ ባለቤት ስድሳን ያለፈ፣ ከመኪና ሲወርድ ሆዱ የሚቀድመው ሰው ነበር። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ዴንቨር ሰሜን ሰፈር ነው፤ አባቱ ግን ከጣሊያን የመጡ ናቸው። አንድ ጊዜ የአባቱን አገር ከተማ ሊያይ ሄዶ፣ ዛሬ ባጃጅ የምንላትን በመሰለች ትንሽ መኪና ኮረብታ ለኮረብታ አዙረውታል። ትልቅ አውቶቡስ የማይገባባቸው የድንጋይ መንገዶች ናቸው። የምትነዳው ወጣት ሴት፣ እየነዳች እያንዳንዱ በር የማን እንደነበር፣ የትኛው መስኮት ላይ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ታወራለች። ሰውየው ይህን ሲተርክ ፊቱ ይበራል። ከዚያ ሲመለስ ነው እነዚህን ቫኖች የገዛው።

"ታዲያ እኔንስ ለምን አታስወራኝም?" አልኩት አንድ ቀን።

"እሷ ስታወራ ይገባኝ ነበር" አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ ደግሜ ጠየቅኩት። "አነጋገርህ ይከብዳል፤ ሰው ለእረፍት መጥቶ ጆሮውን አያስጨንቅም" አለ። በክፋት አልተናገረውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ጥያቄውን ቀይሬ ሄድኩ።

"ሰኞ ሰኞ ቫኖቹ ቆመው ነው የሚውሉት። አንዷን ስጠኝ። በቋንቋዬ የሚሰሙኝን ሰዎች ሞልቼ ልውጣ። አንተ ከኋላ ተቀመጥና ሰው መያዝ እችል እንደሆነ ተመልከት።"

"ምን እያልክ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

"ፊታቸውን ታያለህ።"

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገ። "አንድ ሰኞ" አለ። "ከሆነ ስለ እንግሊዝኛው እንነጋገራለን። ካልሆነ ግን ይህን ጥያቄ ዳግመኛ እንዳልሰማው።"

ተሳፋሪ ፍለጋ ከዴንቨር ጎን ወዳለችው አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ሄድኩ። የኛ ሰዎች ሱቆች እዚያ ናቸው፤ በርበሬውም፣ የስልክ ካርዱም፣ ወሬውም አንድ ባንኮኒ ላይ ነው የሚሸጠው። ለባለሱቁ፣ "ከአገር ቤት መጥተው ቤት የተዘጋባቸው ትልልቅ ሰዎች እፈልጋለሁ" አልኩት። ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ ነገረልኝ። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ልጆቻቸው አንዱ ታክሲ፣ አንዷ እንግልውድ ሆስፒታል፣ ሌላው ፓርኪንግ፣ ሁሉም ሁለት ሥራ ይሠራሉ። ወላጆቹ ከሶፋው ጋር ይውላሉ። ማታ ስልክ መደወል ጀመረ።

"እናቴን ውሰድልኝ እባክህ፤ ከቲቪው ጋር ተጣልታለች" አለችኝ አንዷ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ፊት ለፊት ቫኗን ፓርክ አድርጌ ቆምኩ። የቫኖቹ ባለቤት ቀድሞኝ ደርሷል፤ እጁን ኪሱ ከቶ ዳር ቆሟል። እኔ የምለውን ነገር ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሻወር ውስጥ ስለማመደው ከርሜያለሁ። መጡ። እናትየዋ፣ ከቲቪው ጋር የተጣሉት፣ ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው የከረሙ ሴት ነበሩ። ነጠላቸው ላይ የልጃቸውን ወፍራም ጃኬት ደርበዋል። እማማ አልኳቸው። ባልና ሚስት መጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በመጨረሻ ሐጂ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ከዘራ ይዘው የማይደገፉባት ሽማግሌ ናቸው።

እንግዲህ ሐጂ ሲመጡ እኔ ምን አደረግኩ? ማንኛውም ያገሬ ልጅ የሚያደርገውን አደረግኩ። የፊቱን በር ከፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ "ሐጂ፣ እርስዎ ከፊት" አልኩ። ትልቅ ሰው ከኋላ አይቀመጥም። ያን ወንበር ለራሱ አስቦት የነበረው ባለቤቱ ወደ መጨረሻው ረድፍ እየተጨናነቀ ሄደ። ከፊት ወንበሩ ፊት፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ጥምዝምዝ ሽቦ ያለው ማይክራፎን ተንጠልጥሎ እንደነበር ግን አላሰብኩም። ካሴት ሲበላሽ የሚያገለግል ነው። ለዚያን ቀን ያሰብኩት ደግሞ ለእኔው ነበር።

ጎልደንን አልፈን ዳገቱን ጀመርን። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እጄን ወደ ማይክራፎኑ ስሰድ ሐጂ ቀድመውኝ አነሱት።

"ይሄ ይሠራል?" አሉ። ድምፃቸው በሁሉም ስፒከር ወጣ። ከኋላ ሳቅ ተነሣ።

"ይሠራል ሐጂ። እሱ የ…"

"እንግዲያው ስሙኝ። ይህ መንገድ የማን ወንድም እንደሆነ ልንገራችሁ። የሊማሊሞ።"

ሐጂ በወጣትነታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከጎንደር ወደ ሽሬ እህል ጭነው ሊማሊሞን ስንት ጊዜ እንደወረዱ እሳቸው ራሳቸው አያውቁትም። ጣሊያን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው ያ መንገድ፣ እያንዳንዱ ኩርባ እንዴት እንደነበር፣ ፍሬን ሲግል ምን ምን እንደሚሸት፣ ረዳቱ ጎማ ሥር የሚወተፈውን ታኮ ይዞ ከመኪናው ጎን እንዴት እንደሚሮጥ መተረክ ጀመሩ። ትረካቸው ደግሞ ባዶ ወሬ አልነበረም። ኩርባ በደረስን ቁጥር ሰውነታቸው ራሱ ይዞራል፤ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ይረግጣል።

"ማርሽ ቀንስ!" አሉኝ በማይክራፎኑ።

"አውቶማቲክ ናት ሐጂ።"

"አውቶማቲክ ዳገት ምናባቱ ያውቃል! ቀንስ ብዬሃለሁ።"

እማማ ከኋላ፣ "ኧረ ልጁን አያስደንግጡት፤ ገደል ይከተናል!" አሉ።

"እኔ ከጎኑ እያለሁ ገደል አይደፍረውም።"

ቫኗ በሳቅ ተናወጠች። በመስታወት ባለቤቱን አየሁት። እሱም እየሳቀ ነው። ሐጂ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ታኮ ባሉ ቁጥር የሚያውቀውን የጣሊያንኛ ቃል ሲሰማ እንደ ልጅ ጣቱን ያነሣል። እኔ መሪዬን ይዣለሁ። በቀኛችን የማሳያቸው ሸለቆ አለፈ። የጥድ ዛፎቹ በአንደኛው ጎን ብቻ ለምን እንደበቀሉ የምነግራቸው ቦታ አለፈ። ቫኗ ኮሎራዶን እየወጣች ነው፤ ተሳፋሪው ሊማሊሞን እየወረደ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር መሀል አይገባም። ይህን የሚነግረኝ አባት አጠገቤ አልነበረም፤ ነጋሪም አያስፈልገኝም። አፌ ራሱ አይከፈትም ነበር።

አጋማሽ ላይ ማረፊያ ስላለ ቆምን። የዙህር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሐጂ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃቸውን ይዘው ዉዱእ አደረጉ። "ቂብላው ወዴት ነው?" አሉኝ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሳየኋቸው፤ አውሮራ ያሉ ሙስሊም ጓደኞቼ እንደዚያ ነው የሚሰግዱት። "መካ ምሥራቅ አይደለም እንዴ?" ብለው ጥቂት ተጠራጠሩ። ከዚያ መሬት ክብ መሆኗን በእጃቸው አየር ላይ ሣሉና፣ "እውነትህን ነው" ብለው ጃኬታቸውን ሣሩ ላይ አነጠፉ።

ባለቤቱ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ ከሳቅ የተነሣ አሁንም እርጥብ ነው።

"ይህ ሽማግሌ ድንቅ ሰው ነው!" አለኝ። "ከሁለት ሦስት ቃል በቀር አልገባኝም፤ ግን መስማት ማቆም አልቻልኩም። አገሩ መቼ ነው የሚመለሰው? ሰኞ ሰኞ ይመጣልኝ ይሆን? አንተ ትነዳለህ፣ እሱ ያወራል።"

ከካሴት ወደ ሽማግሌ ተዛወርኩ፤ ወንበሬ ግን ያው ወንበር ነው። ንዴቱ በሐጂ ላይ አልነበረም። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ከመጡ ጀምሮ በመስኮት የልጃቸውን ቤት ፓርኪንግ ሲያዩ ነው የከረሙት። ንዴቱ በራሴ አፍ ላይ ነበር።

እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ነገሩ ገብቷቸዋል። "ልጄ፣ አሁን እሳቸው ሶላት ላይ ናቸው። ንገረን እንጂ ያዘጋጀኸውን።"

እውነትም ዕድሉ ነበር። ሁሉም አጥሩን ይዘው ቆመዋል፤ ባለቤቱም እያየ ነው። ነገር ግን ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር ቦታውን መውሰድ ስርቆት ሆነብኝ። ከወሰድኩ ዓይናቸው እያየ ነው የምወስደው።

"ሐጂ ይጨርሱ እማማ" አልኳቸው።

"ኋላ አይሰጡህም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

እንደገና ተነሣን። ሐጂ ማይክራፎኑን አነሡ። "የት ጋ ነበርን? አዎ፣ ፍሬኑ እምቢ ያለኝ ጋ" አሉ። ሁለት ኩርባ ወጣን፤ ሦስተኛው ላይ ሜዳው በሙሉ ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ አለ። እዚያ ስደርስ ከመንገዱ ወጣ ብዬ ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ። ሞተሩን አጠፋሁ።

"ሐጂ፣ ወሬዎን በማር ልቁረጠውና…"

ሐጂ ቀስ ብለው ዞሩ።

"ቁረጠው እስቲ። ምን ልትል ነው?"

"መንገዱን ላሳይዎት ነው።"

"መንገዱን አየዋለሁ። ዓይን አለኝ።"

"አላዩትም ሐጂ። እስካሁን ያዩት ሊማሊሞን ነው።"

ከኋላ አንዲት ሴት "ወይ ጉድ!" ብላ አፏን ስትይዝ ሰማሁ። ሐጂ ቁልቁል አዩኝ። በዚያ አስተያየት ስንት ረዳት እንዳባረሩበት እግዜር ይወቀው። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ላዋርዳቸው ፈልጌ ሳይሆን ከሰበርኩ ዕድሜዬን ሙሉ "ሲወርዱ ይጠንቀቁ" እያልኩ እንደምቀር አውቄ ነው። ሐጂ ማይክራፎኑን አገላብጠው አዩት፤ አቧራ ያለበት ይመስል በመዳፋቸው ጠረጉት።

"እንግዲህ አሳየና" ብለው ሰጡኝ።

አልተጠቀምኩበትም። ሁሉንም አወረድኳቸውና አጥሩ ዳር አቆምኳቸው። ያዘጋጀሁት ንግግር ከአፌ ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ የማየውን ነገርኳቸው።

"ያ ከታች ያለው ሜዳ ድሮ ዛፍ አልነበረውም" አልኩ። "አሁን የምታዩትን ዛፍ ሰው ነው የተከለው፤ ውሃ እያጠጣ። ስለዚህ ዛፍ ባለበት ሁሉ ቤት አለ ማለት ነው። አረንጓዴው የሚያልቅበት ቦታ ሰውም የሚያልቅበት ነው። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መሀል ከተማ ናቸው። ከእነሱ ወዲያ፣ ዛፉ ሳሳ ያለበትን ሰፊ ቦታ አያችሁት? ሎውሪ ነው። የአየር ኃይል ሰፈር ነበር፤ ተዘግቷል። ከእሱ ጀርባ ሃቫና። በግራ ደግሞ፣ ሩቅ፣ ነጭ ድንኳን የተተከለ የሚመስለው አዲሱ ኤርፖርት ነው። እማማ፣ እርስዎ ከአውሮፕላን የወረዱት እዚያ ነው።"

"ልጄ በዚያ ሁሉ ርቀት ነው ያመጣችኝ?" አሉ እማማ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ከኤርፖርቱ ወደ ሃቫና በዓይናቸው ተጓዙ። ከዚያ ዞር አሉና፣ "እንዲያው፣ ጠዋት ጠዋት ከወጥ ቤቱ መስኮት ሰማያዊ ተራራ አያለሁ። ልጄን ብጠይቃት 'ተራራ ነው' አለችኝ። የቱ ነው እሱ?" አሉኝ።

"እሱ ላይ ቆመዋል እማማ።"

እግራቸውን አዩ። ጫማቸው ሥር ያለውን ጠጠር በከፊል ያላመኑት ይመስል ገፋ ገፋ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ አውሮራ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ልጃቸው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደሆነች እያወቁ። ባልየውም የእነሱን ሰፈር ፍለጋ ጣታቸውን መቀሰር ጀመሩ፤ ሚስትየው፣ "እሱ አይደለም፣ ያ ሐይቁ ጋ ነው" ብለው ተከራከሩ። ሁሉም የየቤቱን ቦታ ይጠይቀኝ ጀመር። ሐጂ ብቻ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ጠርቼ የልጃቸውን ሰፈር አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩትና፣ "ሜዳ ነው" አሉ። "ፍሬን የማያስፈልገው አገር።"

ሬድ ሮክስ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተነሣ። ቀዩ ድንጋይ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት እንዳለው ስናገር እማማ ቆጣ አሉ።

"ዓለም ከተፈጠረ ራሱ ሰባት ሺህ ከምናምን ዓመት ነው። ሚሊዮኑን ማን ቁጭ ብሎ ቆጠረው?"

"እኔ አልቆጠርኩትም እማማ። የድንጋይ ሊቃውንት ናቸው የሚሉት።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

ካሴቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። "እኔ ድሮ አሸዋ ነበር እላለሁ" አልኳቸው። "ይንኩት፤ እጅዎ ላይ አሁንም አሸዋ ይቀራል።"

ዳሰሱት። መዳፋቸውን ገልብጠው ቀዩን ዱቄት አሳዩኝ። "ይህስ እውነት ነው" አሉ። ሐጂም ከጎን መጥተው ዳሰሱ፤ ከዚያ የእርጅናውን ነገር ትተው ድንጋዩ ለመንገድ ሥራ የማይሆን ሰነፍ ድንጋይ መሆኑን ለእማማ ያስረዱ ጀመር። አላቋረጥኳቸውም።

ሃቫና ስንመለስ ባለቤቱ ሁሉም ከመውረዳቸው በፊት ከኋላ ተነሥቶ ቆመ። "ጠይቅልኝ" አለኝ። "አስጎብኚያቸው እንዴት ነበር በላቸው።"

ስለ ራሴ ራሴው ጠየቅኩለት። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ባለቤቱ ጭብጨባ ነበር የሚጠብቀው፤ የኛ ትልልቅ ሰዎች ግን ወጣትን ፊት ለፊት አያሞግሱም። ይበላሻል፤ ዓይንም አለ።

"ደህና ነው፤ ይሞክራል" አሉ ባልየው።

እሱኑ ተረጎምኩ። ባለቤቱ ቅንድቡን አነሣ።

እማማ፣ "ትንሽ ይፈጥናል" አሉ። "ግን እግዜር ያሳድገው።" ይህንንም ተረጎምኩ። "ከዚህ ወዲያ ወዴት ነው የሚያድገው?" አለ ሰውየው፤ የእኔን ቁመት እያየ።

ሐጂ የመጨረሻው ነበሩ። ከዘራቸውን ከወንበሩ ሥር እያወጡ፣ "ያቋርጣል በለው" አሉ።

ትንሽ ጣፋጭ አድርጌ መተርጎም እችል ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። "አቋረጠኝ ይላሉ" አልኩት።

"ሽማግሌውን አቋረጥካቸው? መኪናውን ያቆምከው ለዚያ ነው?"

"አዎ።"

"ምን ብለህ?"

ነገርኩት፤ ሊማሊሞ ምን እንደሆነም አስረዳሁት። ሐጂን አየ፣ እኔን አየ። ቫኗ ውስጥ ያሉት ሁሉ ምን እንደተባለ ሳያውቁ የእሱን ፊት ይጠብቃሉ።

"እኔን እንደዚያ ብትለኝ አባርርህ ነበር" አለ። ወርዶ በሩን ያዘ። "እዚያ ቦታ ላይ ግን ማንም ቱሪስት ያን ያህል ረጅም ጊዜ ቆሞ አላየሁም። የነገው ጠዋት ጉዞ ያንተ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በራስህ አፍ። አንድ ቀን። ካልተሰማህ እዚያው ያበቃል።"

"ምን አለህ?" አሉኝ ሐጂ።

"ነገ በፈረንጅኛ ሞክር አለኝ።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞም እወጣለሁ።"

"የፊቱን ወንበር ያዝልኝ። አላወራም።" ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። "ፍሬኑ እምቢ ያለኝን ግን ሰዎቹ መጨረሻውን አልሰሙም። እሷን ብቻ።"

"እሷን ስንወርድ ይነግሩናል ሐጂ። ስንወጣ ተራው የኔ ነው።"

"ተስማማን" አሉ፤ ትከሻዬን በከዘራቸው ነካ አድርገው ወደ ሱቁ ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ከሆቴሎቹ ቫን ሙሉ ሰው ይዤ ወጣሁ። ጎልደንን ስናልፍ ካሴቱን ዘጋሁና ማይክራፎኑን አነሣሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ረዘመብኝና መሀሉ ላይ ግሡን አጣሁት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ሰውየው እጁን አነሣ። "ይቅርታ፣ ምን እንዳልክ አልገባንም" አለ።

ዳር ይዤ አቆምኩና፣ ዞር ብዬ፣ ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው።